ማንጠግቦሽ ሃያ አንድ

በሞተ ባል የምትቀና ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ደባርቅ ብቅ በሉና እኔን እዩኝ። ሌላዋ ሴት ባሏ በሕይወት ሳለ ትቀናለች፤ ሲሞትባት ታለቅሳለች፣ ከዚያ ደግነቱን እየጨማመረች ታወራለች። እኔ ነገሩን ገልብጬ አመጣሁት። በቆመበት ዘመን አንድ ቀን ያልጠረጠርኩትን ሰው፣ ከተቀበረ በኋላ እግር በእግር ስከታተለው ከረምኩ። የሞተን ሰው መከታተል ደግሞ አድካሚ ነው። ብትቆጡት አይመልስም፣ ማል ብትሉት አይምልም፤ ዝም ብሎ እንደተከበረ ይተኛል።

ባለቤቴ አዱኛ እዚሁ ደባርቅ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሠራተኞቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ገበያ ላይም እንገናኛለን። የአዱኛ ሥራ ኔትወርክ መጠበቅ ነበር። ኔትወርክን እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየኋትም፤ ጣውንቴ እንደነበረች ግን ዐውቃለሁ። እራት ቀርቦ ስልክ ይጮኻል፤ «ኔትወርኩ ወደቀ» ይሉታል፤ የጠቀለለውን ትቶ ይነሣል። እኔ ጭቃ አዳልጦኝ ወድቄ እግሬ ያበጠ ለታ «ቅባት ቀቢው» ነው ያለኝ።

ይህች ጣውንቴ በረኛ ነበራት። በረኛው ሶፍትዌር ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለይ። አንድ ሰው አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ በረኛው ያየዋል፤ ካላወቀው አያስገባውም። በረኛውን የሚያዝዘው አዱኛ ብቻ ነበር፤ የሚያዝዘውም እሱ ብቻ በሚያውቀው የይለፍ ቃል ነው። «ያ ቃል ከእኔ ጋር ነው የሚቀበረው» ይል ነበር እየሳቀ። ሰው እየሳቀ በሚናገረው ነገር መጠንቀቅ አለበት።

አዱኛ መቆለፍ ይወድ ነበር። የቤታችንን በር በሁለት ቁልፍ ይቆልፍና፣ ሁለት ጊዜ ገፋ አድርጎ ያረጋግጥና፣ ሁለቱንም ቁልፎች ከደጃፉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ያስቀምጣቸዋል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጎረቤቴ ጨው ሲያልቅባት ድንጋዩን አንሥታ፣ ከፍታ፣ ጨው ወስዳ፣ መልሳ በሁለት ቁልፍ ቆልፋ ትሄዳለች። ይህን ድንጋይ ያዙልኝ።

ሌላም አለ፤ ቅናት ለእኔ አዲስ አይደለም። በባለቤቴ ዘመዶች አገር፣ በደረስጌ በኩል፣ ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። ከዚያ ወዲያ በባሏ ወገን ዘንድ የምትጠራው በዚያ ስም ነው። የአዱኛ ታላቅ ወንድም ሚስት እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ዝናሽ ነው፤ አማታችን ግን «ብርቄ» አለቻት። ብርቄ ይህንን ስም እንደ ወርቅ ጥርስ ነው የምታሳየው። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር፣ «እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ገና ከበቅሎ ስወርድ 'ብርቄ' አለችኝ» ትላለች። እኔ ሳገባ ግን አማቴ ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር፤ ስም የሚያወጣልኝ አልተገኘም። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ዘመድ መካከል «የአዱኛ ሚስት» ሆኜ ቀረሁ። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ አስተማሪ ነኝ፤ «ዲፕሎማዬ ላይ ያለው ስም ይበቃኛል» እላቸዋለሁ። ቤቴ ስገባ መስታወት ፊት ቆሜ ስም እሞክር ነበር። እሱን ለብርቄ እንዳትነግሩብኝ።

አዱኛም በየዓመቱ፣ «ዘንድሮስ ለንግሥ ደረስጌ እንውጣ» ይለኛል። እዚያ የእናቱ እኅት አለች፤ መንኩሳ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የምትኖር። አይቻት አላውቅም። ስንቅ እንሰንቃለን፣ በቅሎ እንከራያለን፤ ልንወጣ ስንል ስልኩ ይጮኻል። ጣውንቴ በንግሥ ቀን መውደቅ ትወድ ነበር። እማሆይም ሰው ባገኘች ቁጥር ማር ትልካለች፤ «አክስቴ ልካልሻለች» ይለኛል፤ ማሩን እበላለሁ፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ከዚያ አንድ ቀን ሆዱን አመመው። ወደ ጎንደር ሲሄድ በራሱ እግር መኪና ውስጥ ገባ፤ ሲመለስ አራት ሰው አወረደው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ አልጽፍም፤ እጄ ይዘገይብኛል። ወደ ቅናቴ ልመለስ።

አዱኛ ካረፈ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወራት ያህል ምንም አልሆነም። በረኛው የሚያውቃቸውን ያስገባል፤ የሚያውቃቸው ይገባሉ። ችግሩ የመጣው አዲስ ኃላፊ ሲሾም ነው። አቶ ስንሻው ይባላሉ። ላፕቶፓቸውን ይዘው መጥተው ቢቀመጡ በረኛው «አላውቅህም» አላቸው። የመሥሪያ ቤቱ አዛዥ በገዛ ቢሮው እንግዳ ሆነ። ደብዳቤ ለማንበብ ወደ ቱሪስቶች ሆቴል እየሄዱ፣ ራስ ዳሽን ሊወጡ ከተዘጋጁ ፈረንጆች መካከል ከረባት አስረው ይቀመጡ ጀመር። አንዱ ፈረንጅ አስጎብኚ መስሏቸው ዋጋ ጠየቃቸው ይባላል።

በመጨረሻ ገንዘብ ያዡን ታከለን አስከትለው ቤቴ መጡ።

«ቲቸር፣ እንዴት ሰነበትሽ? እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ ታከለ፤ ዓይኔን ግን አያይም።

አቶ ስንሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ አዱኛ ከማረፋቸው በፊት… አንድ ቃል ነግረውዎት ነበር?»

ልቤ ዘለለ። የባሏን የመጨረሻ ቃል ለመስማት የማትጓጓ ሚስት የት ትገኛለች? «ምን ዓይነት ቃል?» አልኩ እንባዬን እየዋጥኩ።

«የይለፍ ቃል።»

እንባዬን መልሼ አወጣሁት።

በማግስቱ ቢሮ ጠሩኝ። «ብዙ ሰው የሚወደውን ሰው ስም ነው የይለፍ ቃል የሚያደርገው» አሉ አቶ ስንሻው፤ «እርስዎ ያግዙን።» እኔም ነጠላዬን አስተካከልኩና እንደ ሙሽራ ዓይኔን ሰብሬ፣ «እንግዲህ… የእኔን ስም ሞክሩታ» አልኩ። ሞከሩት። ኮምፒዩተሩ አይሆንም አለ። «ከነአባቴ ይሆናል» አልኩ። አይሆንም። የክርስትና ስሜን ሰጠኋቸው። አይሆንም። የተጋባንበትን ዓመት ጨመርንበት። አይሆንም። ልጅ እግዚአብሔር አልሰጠንም፤ ስለዚህ ወደ ውሻችን ወረድን። ውሻውም አይሆንም፤ በእውነቱ በዚህ ትንሽ ተጽናናሁ። ታከለ ይህ ሁሉ ሲሆን ኮርኒሱን ያያል። ጸሐፊዋ ጥፍሯን ትልጣለች። በመጨረሻ በረኛው፣ «ብዙ ሞከራችሁ፤ ቆይታችሁ ተመለሱ» ብሎ ሁላችንንም ዘጋብን። ባሌ ከመቃብር ሆኖ በር ዘጋብኝ ማለት ነው።

ከጎንደር ባለሙያ አስመጡ። ቀጭን፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። እኔም መጣሁ፤ ማን ቀርቶ! ልጅቱ ስሞችን አልሞከረችም። በረኛው በሚያውቀው በታከለ ኮምፒዩተር በእንግድነት ገባች፣ አንድ ማኅደር ከፈተች፣ ከዚያ ውስጥ አንድ ፋይል ከፈተች። ሻይዋ ገና አልቀዘቀዘም።

«ይኸውና» አለች። «ይህ ሶፍትዌር የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ሳይመሰጥር፣ እንዳለ ነው የሚያስቀምጠው። ማንም የገባ እንግዳ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል።»

«ቆልፎ ቁልፉን ከድንጋይ ሥር እንደማድረግ?» አልኳት።

«እንደዚያው ነው። ግን የባለቤትዎ ጥፋት አይደለም፤ የሶፍትዌሩ ነው።» ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችው። «ማንጠግቦሽ ሃያ አንድ።»

የጎንደሯ ልጅ ምን እንደተናገረች አልገባትም።

«ቃሉ የሶፍትዌሩ ጥፋት ነው እንበል» አልኩ፤ «ስሙስ የማን ጥፋት ነው?»

እንግዲህ ስሙን አስቡት። ማን ጠግቦሽ! በየጠዋቱ፣ ቁርሱን ከእኔ በልቶ ሲያበቃ፣ ቢሮ ገብቶ ይህንን ነው የሚጽፍ። ያልጠገባት ነገር አለች ማለት ነው። ሃያ አንዱ ደግሞ ወዲያው ነው የገባኝ፤ ዕድሜዋ ነው!

አቶ ስንሻው ላፕቶፓቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ኔትወርኩ ሲገቡ፣ እኔ ወደ ታከለ ዞርኩ። ፊቱ አልደነገጠም። ያልደነገጠ ፊት ደግሞ ምስክር ነው።

«ታከለ፣ ታውቀው ነበር?»

«ኧረ ቲቸር… ፊልም ስፈልግ ድንገት…»

«እናንተስ?» ጸሐፊዋ ጥፍሯን መላጥ አቆመች። ሁሉም ያውቁት ኖሯል! መሥሪያ ቤቱ በሙሉ! አለቃቸው ከፈረንጅ ጋር ሲንከራተት፣ እኔ ከነክርስትና ስሜ ስዋረድ፣ ሁሉም ቃሉን በሆዳቸው ይዘው ኮርኒስ ሲያዩ ነበር።

«እና ለምን አልተናገራችሁም?»

«አንቺን ማን ያስቀይም!» አለ ታከለ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «እንደው ይሉኝታ ይዞን ነው።»

በይሉኝታ የሚጠበቅ ሚስጥር ከሶፍትዌሩ ይበልጣል፤ ይህን መመስከር አለብኝ።

የአዱኛ ተዝካር በዓመቱ እንዲሆን ቀን ቆርጠን ነበር፤ ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ደርቋል። ቤቴ ገብቼ ለብርቄ፣ «ተዝካር የለም» አልኳት። «ማንጠግቦሽ ትደግስለት!»

«አንቺ ሴት፣ ነፍስ ናት እኮ!»

«ነፍሱንም እሷው ታስምርለት።»

«ምነው፣ በቁሙ የምትቀኚበት ጊዜ አጣሽ? አሁን ማን ይስማሽ ብለሽ ነው?» አለች ብርቄ። የተናገረችው እውነት ስለነበረ ይበልጥ ተናደድኩ። ባሌ በእርግጥ የእኔ ካልነበረ ለማን ብዬ ነው ጥቁር ለብሼ ዓመት የከረምኩት? ይህንን ሳላውቅ አንዲት ጣሳ ጠላ ለነፍሱ እንደማልጠምቅ ማልኩ።

ፍለጋ ወጣሁ። ችግሩ በእኛ አገር ማንጠግቦሽ መብዛቷ ነው። በገበያ ቀን «ማንጠግቦሽ!» ብትሉ ግማሹ ገበያ ዞሮ ያያችኋል፤ ማንጠግቦሽ ያልሆኑትም ማን ናት ብለው ይዞራሉ። በመጀመሪያ በሊማሊሞ መውጫ ጠላ የምትሸጥ አንዲቱን ጠቆሙኝ። ሄድኩ። ዝም ብዬ እንዳላያት ጠላ አዘዝኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ግዙፍ፣ ሣቂተኛ ሴት ናት፤ አይደለችም። ግን ጠላው ቀርቧል፤ ጠጣሁ። ደገምኩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ትከሻዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። «አይዞሽ» አለችኝ፤ «የእኔ ባል ሹፌር ነው፤ በዚህ ቁልቁለት በወረደ ቁጥር እጸልያለሁ። በሰላም እንዲመለስ ይመስልሻል? ከወዲያ ማዶ ሌላ እንዳይለምድ ነው!» ሂሳቤን አልቀበልም አለች።

ሁለተኛዋ የከፋች ነበረች። ዳባት ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ ዕድሜዋም ልክ ሃያ አንድ ገደማ፣ በዚያ ላይ አዱኛ ኮምፒዩተሯን የሚጠግንላት! በሚኒባስ ዳባት ወረድኩ። መምጣቴን ለማመካኘት የሰርጋችንን ፎቶግራፍ ይዣለሁ፤ «ኮፒ አድርጊልኝ» ብዬ ፊቷ ላይ ዘረጋሁት።

«ውይ፣ ጋሼ አዱኛ!» አለችና ዓይኗ ውኃ ሞላ። ይዣታለሁ አልኩ በልቤ። «እርስዎ ባለቤታቸው ነዎት? ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ነበር የሚያወሩ። 'ሚስቴ ግትር ናት' ይሉኝ ነበር።»

ባሌ መሆኑን በዚህ አረጋገጥኩ።

«ስሜን የነገርኳቸው ለታ ደግሞ ሳቁ። 'ደግ ስም ነው፤ ይህ ስም እኔም ቤት አለ' አሉኝ።»

እኔም ቤት አለ! የሚኒባሱ መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ለካ ሴትዮዋ ዳባት አይደለችም፤ ሊማሊሞም አይደለችም። ቤቴ ነው የምትገባው! በምን ትገባለች? በድንጋዩ! ደጃፌ እንደደረስኩ ድንጋዩን ገልብጬ ቁልፎቹን ጉያዬ ውስጥ ከተትኩ። ማታ ጎረቤቴ ጨው ፍለጋ መጥታ ድንጋዩ ሥር ስትዳብስ በመስኮት ያዝኳት።

«ስምሽ ማነው?» አልኳት።

«ኧረ በስመ አብ! ይህን ያህል ዘመን አብረን ኖረን!»

በዚያ ሳምንት ቤቴ የገባች ሴት ሁሉ ስሟን ሳትናገር አልተቀመጠችም። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ተዝካሩን ልደግሰው! ወዳጅ ከቀብር ሊቀር ይችላል፤ ከተዝካር ግን አይቀርም። ትመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ እይዛታለሁ። ብርቄ ሐሳቤን መቀየሬን ስትሰማ፣ «እመቤቴ ሰማችኝ» ብላ አማተበች። ጠላውን ጠመቅኩ፤ ለነፍሱ ሳይሆን ለወጥመዱ።

የተዝካሩ ቀን ድንኳኑ ሞላ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ተቀምጠዋል። እኔ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ሆኜ የሴቶቹን እንባ እመዝናለሁ። አንዷ ብዙ ስታለቅስ ጠጋ ብዬ አየኋት፤ በርበሬ ነው። ታከለ ከነቢሮው መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ይበላል።

በዚህ መካከል ከውጭ ጥርት ያለ የአሮጊት ድምፅ ተሰማ።

«ማንጠግቦሽ! ማንጠግቦሽ የታለች? ሳልሞት እሷን አሳዩኝ!»

የታከለ ጉርሻ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። አንዲት ቆብ የደፉ መነኩሲት ከበቅሎ ወርደው በመቋሚያ እየተደገፉ ይመጣሉ። የማንጠግቦሽ እናት መሆናቸው ነው አልኩ በልቤ፤ ልጃቸውን ተዝካር ሊያስወርሱ! ተነሣሁ።

«እማሆይ» አልኩ፤ «ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት እዚህ ቤት የለችም። የሟች ሚስት እኔ ነኝ!»

«እኮ!» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «አንቺን ነዋ!»

«እኔ ማንጠግቦሽ አይደለሁም።»

ቆም ብለው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ስምሽን አታውቂውም?»

የደረስጌዋ አክስት ናቸው። ተቀምጠው፣ ውኃ ጠጥተው፣ በእርጋታ ነገሩን። አማቴ በምትሞትበት ለታ እኅቷን ወደ ጆሮዋ ስባ፣ «ለአዱኛ የምትመጣዋን አላያትም። ማንጠግቦሽ በሉልኝ፤ ሳልጠግባት ነው የምሄደው» አለቻት። አዱኛ አጠገባቸው ነበር። «ከዚያ እኔ ቆብ ደፋሁ» አሉ እማሆይ፤ «መነኩሲት ከሰርግ ቤት ምን አላት? ወንድ ደግሞ ለሙሽራ ስም አያወጣም፤ ነውር ነው። 'ይዘሃት ና፤ በማርያም ቀን እኔው አወጣላታለሁ' አልኩት። በየዓመቱ 'በሃያ አንድ እንመጣለን' ይለኛል። ሲቀር ሲቀር፣ ጊዜው ተለውጧል፣ በቤቱ ነግሯት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ማር ስልክ እንኳ 'ለማንጠግቦሽ ስጥ' እያልኩ ነው። ለቀብሩም በዚያ ሰሞን ወንዙ ሞልቶ ከለከለኝ።»

ሃያ አንድ። ወር በገባ ቁጥር በሃያ አንድ ቀን ማርያም የምስም ሴት፣ የሰው ዕድሜ አደረግሁት!

እማሆይ ዳቦ አስመጡ። ቆረሱና አጎረሱኝ፤ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ «በእኅቴ ስም ማንጠግቦሽ ብዬሻለሁ» አሉ። እኔ ጥቁር ለብሼ፣ ፊቴ በእንባ ርሶ፣ አፌ በዳቦ ተሞልቶ ቆሜያለሁ። ይህን ጊዜ ብርቄ ራሷን ረስታ፣ «ዕልልልልል!» አለችው።

ቄሱ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ኧረ ምንድን ነው? ተዝካር ነው እኮ!»

«ይፍቱን አባቴ» አሉ እማሆይ፤ «ሙሽራ ገብታ ነው።»

ቁልፎቹን በማግስቱ ወደ ድንጋዩ ሥር መለስኳቸው። ጎረቤቴ አልጫ መብላት ሰልችቷት ነበር።

ቅናቴ ግን አልቆመም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ያ ሰው ስሜን ስንት ዘመን በየጠዋቱ በጣቶቹ ሲጽፈው ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳ በአፉ አልጠራኝም። የጠራኝ በዚያ ማሽን ላይ ነው፤ ስሰማው በኖርኩ የምለውን ጣውንቴ ሰማችው። ታከለ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ «ቲቸር፣ ያንን ቃል እኮ ቀየርነው፤ ሶፍትዌሩም ሊለወጥ ነው» ሲለኝ፣ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም።

«ማን ብላችሁ ቀየራችሁት?» አልኩት ሳላስበው።

ታከለ ግራና ቀኝ ተመለከተ። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለና ነገረኝ። እምቢ ብሎ ሊያስቀይመኝ አልቻለም።

እሱን አልነግራችሁም፤ የመሥሪያ ቤት ሚስጥር ነው። የእኔን ግን እንደዚያ ሶፍትዌር፣ ምንም ሳልመሰጥር፣ ከርእሱ ጀምሬ ይኸው አስቀምጬዋለሁ። በእንግድነት የገባችሁ ሁሉ አንብቡት። ከቻላችሁ ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ።